አረንጓዴው መስመር በሳነቴ ጉም

ሀዋኒና ኤልዳድ የተገናኙት በነሐሴ ወር፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ማንም ማንንም ማየት በማይችልበት ሰዓት ነበር።

ሀዋኒ ጉዲሳ ሮቤ ከተማ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ያን ዕለት የአንድ ጤና ጣቢያ የሶላር ፍሪጅ ተበላሽቶ እንድታየው ተጠርታ ወደ ደሎ መና እየሄደች ነበር። አውቶቡሱ ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ አናት ላይ ሲደርስ ጉሙ ወረደ። መጀመሪያ በመስኮቱ በኩል ይታዩ የነበሩት ረጃጅም የጅብራ ተክሎች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ቀጥሎ የመንገዱ ጠርዝ ጠፋ፤ በመጨረሻ ሾፌሩ የራሱ የፊት መብራት የት ድረስ እንደሚሄድ መለየት ስላቃተው መኪናውን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

ጥቂት ቆይቶ ከኋላ የሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ፤ በሩም ተንኳኳ። የገባው ወጣት ከትከሻው እስከ ጫማው ውሃ ያንጠባጥባል። በአንድ እጁ ሄልሜቱን፣ በሌላው ሰማያዊ የክትባት ሳጥን ይዟል። ተሳፋሪውን በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላም ካለ በኋላ፣ ሲነሱ የኋላ መብራታቸውን እያየ እንዲከተላቸው ቀስ ብለው እንዲሄዱለት ሾፌሩን ለመነው። ክፍት የነበረው ወንበር ከሀዋኒ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር።

ሀዋኒ ከፔርሙሷ በክዳኑ ሻይ ቀድታ ሰጠችው፤ ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣ ብዙ ቆየ። ኤልዳድ እንደሚባል፣ ከጎባ የክትባት መጋዘን ወደ ደሎ መናና ከዚያ በታች ወዳሉት ቀበሌዎች ክትባት ማመላለስ ከጀመረ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ነገራት። በእንዲህ ያለ ጉም እንዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው።

«መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ» አላት። «ስልኬ ላይም ካርታ አለ። ግን ስልኩን ለማየት ዝቅ ካልኩ መንገዱ ይጠፋኛል፤ መንገዱን ካየሁ ደግሞ ካርታው የለም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳይ ዓይን አልተሰጠኝም።»

ሀዋኒ ሄልሜቱን ከጭኑ ላይ አንስታ አገላብጣ አየችው። የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ሄልሜት መስታወቱ ላይ ከፍታና አቅጣጫ እንደሚያሳይ፣ አብራሪውም ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሳ እንደሚያነብበው ተማሪ ሳለች አንብባ ነበር። ያኔ ነገሩ ከእሷ ሕይወት ጋር ምንም የሚያገናኘው አልመሰላትም።

«ካርታው እዚህ ቢሆንስ?» አለችው፤ ትንፋሽ ባደበዘዘው መስታወት ላይ በጣቷ የታጠፈ መስመር እየሳበች።

ኤልዳድ መስመሩን ሳይሆን እሷን ተመለከተ። ከዚያ ሻዩን ጠጣ።

ጉሙ ሲሳሳ አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሀዋኒ እስከ ሪራ መንደር ድረስ ዞራ በኋላ መስኮት በኩል ስታይ ቆየች። የሞተሩ መብራት አንዴ ይጠፋል፤ እንደገና ይታያል። በታየ ቁጥር ትንፋሿ ይመለስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም።

ሮቤ እንደተመለሰች ሥራ ጀመረች። ከተበላሸ የቪዲዮ ካሜራ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስክሪን አወጣች። ከአሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር ሌንስ ነቀለች። መስታወቱ ውስጥ በኩል ግማሹን ብርሃን የሚመልስ፣ ግማሹን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ለጠፈች። ከስክሪኗ የሚወጣው ምስል በሌንሱ አልፎ ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ፣ ለሚያየው ሰው አፍንጫው ሥር ሳይሆን ከፊቱ ርቆ መንገዱ ላይ የተዘረጋ እንዲመስል ማድረግ ነበረባት፤ አለዚያ ዓይን በቅርብና በሩቅ መካከል ሲመላለስ ይደክማል። ይህ ብቻ ሁለት ወር ፈጀባት። ምስሉ ነጭ ሲሆን ጉሙ ዋጠው፤ ቀይ ሲሆን ደበዘዘ። አረንጓዴው ቀረ። አንድ ጂፒኤስ ሞተሩ ያለበትን ቦታ ይነግራል፤ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ደግሞ ከዚያ ቦታ ተነስታ የሚቀጥለውን መቶ ሜትር መንገድ በአንድ አረንጓዴ መስመር ትስላለች።

መንገዱን የቀዳላት ኤልዳድ ነው። በጠራ ቀን ጂፒኤሱን ኪሱ ከቶ ከጎባ እስከ ደሎ መና ሄደ፤ ተመለሰ። አውቶቡሱ ላይ ስልክ ቁጥር የተለዋወጡት ለዚህ ነበር። መጀመሪያ ስለ ኩርባ ይደዋወሉ ነበር፤ በኅዳር ወር ግን ደውለው ስለ ኩርባ ሳያነሱ የሚዘጉበት ቀን በዛ።

በጥር መጀመሪያ ቅዳሜ ሄልሜቱ ተሞከረ። ስክሪኗና ሌንሷ በቀኝ በኩል ነበሩ፤ ክብደቱ አንገት እንዳያጣምም ባትሪው በግራ ተሰክቷል። ኤልዳድ አጥልቆ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ። ሀዋኒ ፊት ለፊቱ ደብተር ይዛ ቆማለች።

«ይታይሃል?»

መልሱ ዘገየ። ሀዋኒ ያን መዘግየት ያኔ ልብ አላለችውም። ከመስታወቱ በስተጀርባ ያሉት ዓይኖቹ እሷ ላይ ነበሩ።

«ይታየኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። ከሮቤ እስከ ጎባ በአስፋልቱ እሷ ከኋላው ተፈናጣ ትሄዳለች፤ ጎባ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ትጠይቀዋለች፤ ይመልሳል፤ ትጽፋለች። መስመሩ ከአድማሱ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? ትንሽ ዝቅ። ደመቀ ወይስ ፈዘዘ? ደህና ነው። የትንፋሹ እንፋሎት መስታወቱን እንደሚያደበዝዘው ነግሯት የአፍንጫ መሸፈኛ ሰፋችለት። ብርዱ ባትሪውን እንደሚገድለው ነግሯት ባትሪውን በሱፍ ጠቀለለችው። ወደ ሳነቴ ሲወጡ ንፋሱ ድምፃቸውን ስለሚወስደው መናገር ይተዋሉ። እሷ ግንባሯን ጀርባው ላይ ታሳርፋለች፤ እሱ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

አንድ ቅዳሜ ከዳገቱ አናት ቆመው ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን አብረው አዩ። ቀበሮዋ ከተሰወረች በኋላም አልተነሱም።

«ሄልሜቱ ሲያልቅ ምን ትሆኛለሽ?» አላት ኤልዳድ።

«ሌላ እሠራለሁ።»

«እኔስ?»

ሀዋኒ ደብተሯን ዘጋች። «አንተማ ሄልሜት አይደለህም» አለችው። «አታልቅም።»

ነገሩ አባቷ ጆሮ ደረሰ። አቶ ጉዲሳ በሲናና እርሻዎች ላይ ኮምባይነር ሲነዱ የኖሩ፣ ጮክ ብለው የሚናገሩ፣ አንድያ ልጃቸውን ከማንም በላይ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ከሞተረኛ ጋር ትታያለሽ ተባለ፤ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቋት። እውነት እንደሆነ ነገረቻቸው። ምን ዓይነት ሰው ነው ሲሏት ደግሞ ሳታመነታ፣ «የሚያየውን የሚናገር ሰው ነው» አለቻቸው። አቶ ጉዲሳ ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

የመጋቢት ዝናብ ጀመረ፤ ጉሙም ተመለሰ። ሀዋኒ ይህን ስትጠብቅ ነበር። በሚያዝያ ወር አዳማ ላይ የወጣት ፈጣሪዎች ዐውደ ርእይ ስላለ፣ ከዚያ በፊት ሄልሜቱ በእውነተኛ ጉም መፈተን ነበረበት። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሳነቴ ላይ አንድ ቦታ ጎርፍ መንገዱን በላውና የመንገድ ሠራተኞች በስተግራ ጊዜያዊ መተላለፊያ ቆረጡ። ሀዋኒ ዓርብ ዕለት ወጥታ አዲሱን መተላለፊያ ቀድታ መስመሩ ውስጥ አስገባች። ለኤልዳድ ግን አልነገረችውም። መንገዱን በቃሉ ስለሚያውቀው፣ እስካሁን የመራው መስመሩ ይሁን ወይስ ትዝታው መለየት ፈልጋ ነው። ከእግረኛ እንዳይፈጥን ብቻ አስጠነቀቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ ከመተላለፊያው ማዶ፣ ከመንገድ ሠራተኞቹ ድንኳን አጠገብ ቆመች። ጉሙ የገዛ እጇን ያደበዝዝ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰማችው፤ እየቀረበ መጣ፤ ወደ ግራ መዞር ባለበት ቦታ ላይ ግን ድምፁ ቀጥ ብሎ መጣ። ድንጋይ ሲንኮታኮት ተሰማ። ከዚያ ምንም።

ስሙን እየጠራች ሮጠች። መንገዱን ለመዝጋት የተደረደሩትን ድንጋዮች ጥሶ ቦይ ውስጥ ወድቆ አገኘችው፤ ሞተሩ እግሩ ላይ ተኝቷል። ነፍሱ አለች። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። ሠራተኞቹ ሞተሩን ሲያነሱለት ሀዋኒ ተንበርክካ ሄልሜቱን ቀስ ብላ አወለቀችለት።

«መስመሩን አላየኸውም?»

«አላየሁትም» አላት።

ያቺን ቃል ይዛ ወደ ሮቤ ተመለሰች። የኮምፒውተሯን መዝገብ ከፍታ አየች፤ መስመሩ ወደ ግራ ዞሯል፤ አንድ ሜትር እንኳ አልሳተም። እንግዲያው ጥፋቱ ከመስታወቱ ነው፤ ጉም ውስጥ ብርሃኑ ይጠፋል ማለት ነው ብላ ደመደመች። በሰባት ወር ልፋት አንድ ሰው ሰበርኩ አለች። ሄልሜቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት፤ ለዐውደ ርእዩ አዘጋጆችም እንደማትመጣ ጻፈች። ኤልዳድን ጎባ ሆስፒታል ሁለቴ ሄዳ ጠየቀችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊቱን ለማየት አፍራ መሬት መሬት ስታይ ተመለሰች።

ይህን ለኤልዳድ የነገረችው የክትባት መጋዘኑ ኃላፊ ዙሀይራ ናት። ልትጠይቀው በመጣችበት፣ ያቺ ልጅ ሥራውን ሁሉ ተወችው፣ ሰው ሰብሬያለሁ ትላለች አለችው። ኤልዳድ ዙሀይራ ከሄደች በኋላ ብዙ ሰዓት ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ደውሎ ሀዋኒን እንድትመጣ ለመናት።

በማግሥቱ መጣች። እሱ ከሆስፒታል ወጥቶ ተከራይቶ በሚኖርበት ግቢ፣ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ሀዋኒ ቆማ ቀረች።

«መስመሩ ትክክል ነበር» አላት።

«አንተ አላየሁትም ብለሃል።»

«አላየሁትም። ባለፈው ቅዳሜም፣ ከዚያ በፊት በነበሩትም አላየሁትም። ሀዋኒ፣ ቀኝ ዓይኔ አያይም።»

ሰባት ዓመቱ ሳለ በገብስ ውቂያ ላይ የእብቅ ስንጥር ገብቶበት እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም እንደማያይበት ነገራት። ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ዓይን ይመስላል። ሀዋኒ ቀረብ አለች። እጇን አንስታ በቀኝ ዓይኑ ፊት በዝግታ አሳለፈች። ዓይኑ አልተከተላትም። የወራት ደብተሯ በሙሉ ያቺ እጅ ስታልፍ አብሮ ያለፈ መሰላት።

«ስንት ቅዳሜ ነው?» አለችው።

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ቅዳሜ ይታየኛል ስትለኝ ጻፍኩ። ያንን አምኜ ሌላ ሰው ራስ ላይ ባደርገውስ? አንተ እንኳ ትከሻህ ነው የተሰበረው።»

«አይታየኝም ብልሽ ሌላ ነጂ ትፈልጊ ነበር» አላት። «መጀመሪያ ቀን ይታይሃል ስትዪኝ አንቺን እያየሁ ነበር። ቅዳሜዬን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ያቺን ውሸት ለመጠበቅ ሌላ ጨመርኩ።»

ሀዋኒ ዞራ ወጣች። የግቢውን በር ስትዘጋ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቃ ዘጋችው፤ ኤልዳድን ከጩኸት በላይ ያሳመመው እሱ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ኤልዳድ በእግሩ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ለዙሀይራ ስለ ዓይኑ ሁሉንም ነግሮ የሞተሩን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ዙሀይራ ለሦስት ዓመት አንድ ብልቃጥ ሳይሰብር ያደረሰላትን ሰው አየችው። ከዚያ ቁልፉን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና፣ የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ ድረስ የፍሪጆቹን ሙቀት እየመዘገበ መጋዘኑ ውስጥ እንዲሠራ አዘዘችው። በእሱ ምትክ ፊሮምሳ የሚባል ጎልማሳ ሞተረኛ ተመደበ። ኤልዳድ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ለፊሮምሳ ማስረዳት ሥራው ሆነ፤ ድልድይ በድልድይ፣ ኩርባ በኩርባ።

ሀዋኒ ሦስት ሳምንት ተቆጣች። አሥራ አንዱን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘች። እየሰረዘች ግን አነበበቻቸው። ስለ እንፋሎቱ የነገራት እውነት ነበር። ስለ ባትሪውም፣ ስለ አንገቱ ሕመምም፣ ስለ ብርዱም እውነት ነበር። የዋሻት በአንድ ነገር ብቻ ነው። የራሷን ድርሻም አሰበች። መተላለፊያውን የደበቀችው እሷ ናት፤ ሰው እንደ ዕቃ ለመፈተን ብላ። ሌንሱንስ በቀኝ ያደረገችው ለምንድን ነው? እሷ ራሷ አንድ ነገር ስታነጣጥር ግራ ዓይኗን ስለምትጨፍን ነው። የሚያጠልቀውን ሰው በየትኛው ዓይንህ ታያለህ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

በሚያዝያ ማብቂያ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ሌንሱን ነቅላ ወደ ግራ አዞረችው። ባትሪው ወደ ቀኝ ሄደ። ፕላስቲኩ በአዲስ ማዕዘን ተለጠፈ፤ ስላልረካችበት እንደገና ተለጠፈ። አሁን እንደሚያጠልቀው ሰው ዓይን ከቀኝ ወደ ግራ ሊዛወር ይችላል። ለፊሮምሳ ስታጠልቅለት አስቀድማ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅላ ሁለቱንም ዓይኑን ለየብቻ አስነበበችው። ፊሮምሳ መስመሩ ከአድማሱ በጣም ወርዷል አላት። ሀዋኒ ኤልዳድ «ትንሽ ዝቅ» ይል የነበረውን አስታውሳ፣ ሳታስበው ፈገግ ብላ፣ ወዲያው ተከፋች።

በግንቦት አንድ ከሰዓት በኋላ ሄልሜቱን በጥቁር ከረጢት ይዛ ጎባ መጋዘን ደረሰች። ዙሀይራ አይታት ምንም ሳትል ኤልዳድን ከውስጥ ጠራችው። ትከሻው ድኗል፤ እሱ ግን ከስቷል። ሀዋኒ ግቢው ውስጥ አንድ ወንበር አስቀምጣ እንዲቀመጥ ነገረችው። እንደማይነዳ፣ ቁጭ ብሎ የሚያየውን ብቻ እንደሚነግራት አስረዳችው። ሄልሜቱን ራሷ አጠለቀችለት፤ የአገጩን ማሰሪያ ስታጠብቅ ጣቶቿ አንገቱን ነኩት።

ደብተሯን ከፍታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ይታይሃል?»

መልሱ አሁንም ዘገየ። ከመጋዘኑ ግድግዳ ባሻገር፣ ወደ ሳነቴ በሚወጣው ዳገት አቅጣጫ፣ አንድ አረንጓዴ መስመር አየር ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጭንቅላቱን አላንቀሳቀሰም። ግራ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይህ ነው እንዴ?» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ሀዋኒ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ግን ጫፉ ላይ ይደበዝዛል» አላት ኤልዳድ። «በስተግራ። ወደ ዳር ሲሄድ ሁለት ይሆናል። ጥሩ አይደለም፤ አስተካክዪው።»

ሀዋኒ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ጥሩ አይደለም ሲላት የመጀመሪያው ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብላ በሄልሜቱ መስታወት በኩል ከታች ወደ ላይ አየችው።

«እኔም ደብቄሃለሁ» አለችው። «መተላለፊያውን አውቄ ነው ያልነገርኩህ። ይቅር በለኝ።»

«አንቺ አንድ ቀን ነው የደበቅሽው።»

«እሱስ ልክ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የአንተ ይበልጣል።»

በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ደሎ መና አካባቢ ኩፍኝ ገባ፤ ክትባት በአስቸኳይ ተፈለገ። ሳነቴ ከጠዋት ጀምሮ በጉም ተዘግቷል፤ መኪና ሁሉ ጎባ ቆሟል። ፊሮምሳ ሄልሜቱን አጠለቀ፤ ዙሀይራ ሰማያዊውን ሳጥን ሞተሩ ላይ አሰረች። ሀዋኒና ኤልዳድ መጋዘኑ በር ላይ ስልክ ይዘው ተቀመጡ። ኤልዳድ ሰዓቱን እያየ፣ አሁን ከቁልቁለቱ መታጠፊያ ደርሷል፣ አሁን ሪራን እያለፈ ነው እያለ ይቆጥርላት ነበር። ኔትዎርክ በሌለበት በዚያ ረጅም ሰዓት እጇን ያዘ፤ አልለቀቀችውም። ስልኩ ሲጮህ ፊሮምሳ በተለመደው ቀዝቃዛ ድምፁ፣ እንደደረሰ፣ ሳጥኑን እንዳስረከበ፣ ሁለት ቦታ ላይ ከመስመሩ በቀር ምንም እንዳላየ ነገራቸው። ቀጥሎም አንገቱን እንዳመመው አከለ። ሀዋኒ ጻፈችው።

በክረምቱ ማብቂያ ኤልዳድ ሽማግሌ ላከ። አቶ ጉዲሳ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው አብልተው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። ልጃቸው የሚያየውን የሚናገር ሰው ነው ብላቸው የነበረውን አልረሱም፤ ስለ ውሸቱም ከሰው ሰምተዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ፣ በልማድ የሌለ ነገር ጠየቁ፤ ልጁ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ አሉ።

ጥቅምት ውስጥ በአንድ እሑድ ኤልዳድ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሀዋኒ ከእናቷ ከወይዘሮ እኅተማርያም ጋር ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ኤልዳድ ስለ ዓይኑ፣ ስለ አሥራ አንዱ ቅዳሜ፣ ስለ አወዳደቁ አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

«ሌላ የደበቅኸው ነገር አለ?» አሉ አቶ ጉዲሳ።

«አለ፣ አባባ። መንጃ ፈቃድ ስወስድ የዓይን ፈተናውን ያለፍኩት ወረፋ ላይ ከፊቴ የነበሩት ሲያነቡ ሰምቼ ፊደሎቹን በቃሌ ይዤ ነው። አሁን መንጃ ፈቃዱን መልሻለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ጉዲሳ አልሳቁም። አጎንብሰው ወለሉን አዩ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እምቢ ሊሉ ነው ብሎ አሰበ፤ ሀዋኒ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አሉ አቶ ጉዲሳ። «ኮምባይነሩ ነው የበላው። ሳላገባ ጀምሮ ነው። ደንቆሮ ነው ብላ እንዳትተወኝ ብዬ ለሚስቴ አልነገርኳትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። እናንተ ፊት ዛሬ ተናገርኩ። እንግዲህ እኔ በዚህ ልጅ ላይ ምን ብዬ እፈርዳለሁ?»

ወይዘሮ እኅተማርያም ከጓዳ ወጡ። በእጃቸው የያዙትን ድፎ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት በቀኝህ የምቀመጠው ለምን መሰለህ?» አሏቸው።

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አቶ ጉዲሳ ሚስታቸውን እንደ አዲስ ሰው አዩዋቸው፤ ከዚያ ተነስተው ዳቦውን እንዲቆርስ ለትልቁ ሽማግሌ ቢላዋ አቀበሉት። መልሱ እሱ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲበላ ኤልዳድ ወደ ግቢው ወጣ። ሀዋኒ ተከትላው ወጥታ ከቤቱ ጎን ባለው የእንጨት አግዳሚ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ በቀኙ በኩል። ከዚያ የእናቷ ነገር ትዝ ብሏት ብድግ አለችና ዞራ በግራው በኩል ልትቀመጥ ስትል ኤልዳድ እጇን ይዞ አስቆማት።

«ወዴት ነው?»

«እንድታየኝ ነዋ።»

መልሶ በቀኙ አስቀመጣት።

«በግራ ከሆንሽ ሳልንቀሳቀስ አይሻለሁ» አላት። «በቀኝ ስትሆኚ ግን ፊቴን በሙሉ ወደ አንቺ ማዞር አለብኝ። እሱን ነው የምወደው።»

ፊቱንም በሙሉ ወደ እሷ አዞረ።